«በዘር ነው» ከማለታችን በፊት
ከልደት ጀምሮ ስለሚታይ የዓይን አፈጣጠር ጉድለት

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ ሰባተኛ ክፍል ገብቶ ስለ ዓይን ያስተምር ነበር። ሥዕሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነድፎ ክፍሎቹን በማሳየት ላይ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ትንሹ ወንድሜ ሲወለድ ጀምሮ ዓይን የለውም። ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ድንገተኛ ነበር። ደወል ሊደወል የቀረው አምስት ደቂቃ ነው። ጓደኛችንም «እሱ በዘር የሚመጣ ነው» አለና ወደ ሥዕሉ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን የልጅቱ እናት ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። «ልጄ ‹በዘር ነው ተባልን› ብላ ቤት ውስጥ አወራች። አማቴም ይህን ሰምተው ‹እኛ ቤት እንዲህ ያለ ተወልዶ አያውቅም፤ ያንቺ ዘር ነው› ይሉኝ ጀመር። ለመሆኑ መምህር፣ የኔን ዘር እርስዎ የት ያውቁታል?» አሉት።

ጓደኛችን የሚለው ጠፋው። ማታ በማደሪያችን ተሰብስበን ነገሩን ስናነሣው፣ እኛም በሱ ቦታ ብንሆን ኖሮ ያንኑ መልስ እንሰጥ እንደ ነበር ተማመንን። ክፉ አስበን ሳይሆን ግማሹን ብቻ ስለምናውቅ ነው። ስለሆነም መጻሕፍት አገላብጠን፣ የሥነ ሕይወት አሠልጣኛችንንም ጠይቀን ያገኘነውን እነሆ አቅርበናል። ነገ እያንዳንዳችን ክፍል ውስጥ ስንቆም ይኸው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና።

ሦስቱን ነገሮች እንለይ

በአማርኛችን «ዘር» የሚለው ቃል ሸክሙ ብዙ ነው። ገበሬው መሬት ላይ የሚበትነው ዘር ነው፤ ትውልድ ዘር ነው፤ ወገንም ዘር ነው። በመሆኑም መምህሩ «በዘር ነው» ሲል ስለ ሳይንስ የተናገረ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን «የእገሊት ወገን ጉድለት አለበት» ብሎ ይተረጉመዋል። ችግሩን ለማቃለል በቅድሚያ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ለይተን እንወቅ።

አንደኛው፣ አብሮ የተወለደ ጉድለት ነው። ይህ አባባል የሚነግረን ጊዜውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ጉድለቱ ሕፃኑ ሲወለድ የነበረ መሆኑን ነው። ምክንያቱን በተመለከተ ግን አንዳች አይናገርም።

ሁለተኛው፣ ከጂን ለውጥ የመጣ ጉድለት ነው። ጂን ማለት በሕዋሳችን አስኳል ውስጥ፣ በክሮሞዞሞች ላይ ተጽፎ የሚገኝ የሥራ ትእዛዝ ነው ማለት ይቻላል። ከትእዛዞቹ አንዱ ሲሳሳት ወይም ሲጎድል ሚውቴሽን ይባላል። ትእዛዙ ዓይንን የሚመለከት ከሆነ የዓይን አሠራር ሊዛባ ይችላል።

ሦስተኛው፣ የተወረሰ ጉድለት ነው። የተለወጠው ጂን ከእናት ወይም ከአባት፣ አለዚያም ከሁለቱም ለልጁ ሲተላለፍ ማለት ነው።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ አብሮ የተወለደ ሁሉ ከጂን የመጣ አይደለም፤ ከጂን የመጣ ሁሉም የተወረሰ አይደለም። ጓደኛችን ሦስቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ተናገረ። የቀረው ጽሑፍ ይህን አንድ ነጥብ በምሳሌ የሚያስረዳ ነው።

ዓይን መቼና እንዴት ይሠራል?

ከጽንሰት በኋላ በ22ኛው ቀን ገደማ፣ ጽንሱ ገና ከሰሊጥ ፍሬ በማይበልጥበት ጊዜ፣ አንጎል ከሚሆነው ክፍል ግራና ቀኝ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ይታያሉ። የዓይን መነሻ እነዚህ ናቸው። ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየተነፉ እንደ ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች ይሆኑና እስከ ቆዳው ድረስ ይደርሳሉ። ከረጢቱ ቆዳውን ሲጠጋ በቦታው ያለው ቆዳ መወፈርና ወደ ውስጥ መታጠፍ ይጀምራል፤ በኋላ ሌንስ የሚሆነው እሱ ነው። ከረጢቱ ራሱም ወደ ውስጥ ታጥፎ የስኒ ቅርጽ ይይዛል። የስኒው ውስጠኛ ክፍል ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና ይሆናል። ከስኒው ሥር ደግሞ የደም ሥር የሚገባበት ስንጥቅ አለ፤ ይህ ስንጥቅ በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ይዘጋል።

ጉድለቱ የሚለያየው ሥራው ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ተሰናከለ ነው። ከረጢቱ ከመነሻው ካልወጣ ወይም ወጥቶ ከከሰመ ዓይን ሳይኖር ይቀራል፤ ይህም አኖፍታልሚያ ይባላል። እድገቱ ከተገታ ዓይኑ በጣም ትንሽ ይሆናል፤ ስሙም ማይክሮፍታልሚያ ነው። ስንጥቁ ሳይዘጋ ከቀረ ኮሎቦማ ይባላል፤ አንዳንዱ ልጅ ላይ ብሌኑ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ታች ተስቦ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ሆኖ የምናየው ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አኃዝ እንደሚያመለክተው ከ100,000 ልደት ውስጥ አኖፍታልሚያ 3 ያህል፣ ማይክሮፍታልሚያ ደግሞ 14 ያህል ይገኛል። ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ሰው የማስተማር ዘመን ውስጥ ስንት ልጅ በፊታችን እንደሚያልፍ አስቡት።

እዚህ ላይ አንባቢ ቀኑን ልብ እንዲል እንፈልጋለን። በ22ኛው ቀን ብዙዋ እናት መፀነሷን እንኳ አላወቀችም። ዓይን ይኑር አይኑር የሚለው ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ነው። ታዲያ «በሰባት ወሯ ግርዶሽ አይታ ነው»፣ «ምች መቷት ነው»፣ «ዓይነ ስውር አይታ ስቃ ነው» የሚባለው ሁሉ ከምን የመጣ ነው? በሰባተኛው ወር የሆነ ነገር በሁለተኛው ወር የተሠራውን ወደ ኋላ ሄዶ ሊያፈርሰው አይችልም። ተማሪዎቻችን ይህን በቀን ቆጠራ ብቻ ሊረዱት ይችላሉ። ክርክርም ቁጣም አያስፈልገውም፤ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል።

ጂን ሳይነካ የመጣ ጉድለት፦ የቴክሳስ አሳማዎች

በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ የግብርና ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረ ፍሬድ ሄል የሚባል ተመራማሪ አንዲትን አሳማ ከመጠቃቷ በፊት ጀምሮ ቫይታሚን ኤ የሌለው መኖ ሲቀልባት ቆየ። አሳማዋ 11 ግልገሎች ወለደች። አንዱም የዓይን ኳስ አልነበረውም። ሄል ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳተመ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የማንም የመጀመሪያ ግምት «የዘር ጉድለት ነው» የሚል ነበር። ሄል ግን ዓይን አልባ ሆነው የተወለዱትን አሳማዎች አሳድጎ፣ በቂ ቫይታሚን ኤ ያለው መኖ እየመገበ አራባቸው። ግልገሎቻቸው ዓይን ይዘው ተወለዱ። ትእዛዙ ደህና ነበረ ማለት ነው፤ የጎደለው ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአውስትራሊያ ነው። የሲድኒው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ እ.ኤ.አ. በ1941 ዓይናቸው ላይ ሞራ ይዘው የተወለዱ 78 ሕፃናትን አስመልክቶ ጥናት አቀረበ። የአብዛኞቹ እናቶች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ የጀርመን ኩፍኝ ወይም ሩቤላ የሚባለው በሽታ ይዟቸው እንደ ነበር ደረሰበት። እዚህም ላይ ጂን የለበትም፤ ቫይረስ ነው። ዛሬ ይህን በሽታ የሚከላከል ክትባት አለ።

ይሁንና አንድ ነገር እንጠንቀቅ። የአሳማዋን ታሪክ ሰምተን ደግሞ ወደ እናቲቱ ዞረን «ጎመን ስላልበላሽ ነው» ብንል አንዱን በትር ጥለን ሌላውን አነሣን ማለት ነው። በአሳማዋ ላይ የተደረገው ሆን ተብሎ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ከሞላ ጎደል ፈጽሞ የመከልከል ሙከራ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት እንደ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ እንቁላልና ወተት የመሳሰሉትን ብታገኝ ለሷም ለጽንሱም ይጠቅማል። ነገር ግን የአንድን ልጅ ዓይን አልባነት ከእናቱ ማዕድ ጋር ማያያዝ ያለ ምርመራ ማንም የማይችለው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የቫይታሚን ኤ እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ በብዛት መውሰድ ራሱ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል «ይጠቅማል» ብለን ለሰው መምከር የለብንም።

ጂን ሲለወጥ፦ ሦስት መንገዶች

ሀ. ከማንም ያልተወረሰ አዲስ ለውጥ

ሶክስ ሁለት የሚባል ጂን በ3ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ይህ ጂን ሌሎች ጂኖችን የሚያዝ አለቃ ጂን ነው። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ ሕፃኑ ያለ ዓይን ወይም በጣም ትንሽ ዓይን ይዞ ሊወለድ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2003 ታወቀ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በጽኑ ከተጎዱ ልጆች መካከል አንድ ምክንያት ተለይቶ ሲገኝ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ይኸው ጂን ነው።

አሁን ልብ እንበል። አብዛኞቹ እነዚህ ልጆች ለውጡን ከወላጆቻቸው አልወረሱትም። የእናትም የአባትም ደም ቢመረመር ጂኑ ደህና ሆኖ ይገኛል። ለውጡ የተከሰተው ልጁ በተጸነሰበት በዚያች አንዲት እንቁላል ወይም በዚያ አንድ የወንድ ዘር ፍሬ ውስጥ፣ ጂኑ ሲገለበጥ ነው። አንድ ረጅም መጽሐፍ በእጅ የሚገለብጥ ጸሐፊ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን አንዲት ፊደል መሳቱ አይቀርም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ጸሐፊውን የሚከስ የለም።

በዚህ ሁኔታ ቀጣዩ ልጅ ተመሳሳይ ችግር የማግኘቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ፈጽሞ የለም ግን አይባልም፤ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ ለውጡ በአንደኛው ወላጅ የዘር ፍሬ ሕዋሳት ከፊል ውስጥ ብቻ ተደብቆ ሊገኝ ይችላል።

ለ. ከአንድ ወላጅ የሚተላለፍ

በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ፓክስ ስድስት የሚባል ሌላ አለቃ ጂን አለ። በሰው ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የተለየ ሲሆን፣ አንዱ ቅጂው ሲበላሽ አኒሪዲያ የሚባለው ጉድለት ይከተላል። በብሌኑ ዙሪያ ያለው ቀለማም ክፍል አይሪስ ይባላል፤ አኒሪዲያ ያለበት ልጅ አይሪሱ በሙሉ ወይም በከፊል የለም። ብሌኑ ሰፊ ሆኖ ዓይኑ ጥቁር ብቻ መስሎ ይታያል፤ ልጁም ብርሃን ይሸሻል፤ ዓይኖቹ ብዙ ጊዜ ይርገበገባሉ። ከ40,000 እስከ 100,000 ልደት ውስጥ በአንዱ ላይ ይታያል።

የዚህን ጂን ሥልጣን ለመረዳት በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ የተደረገውን ሙከራ መመልከት ይበቃል። ቫልተር ጌሪንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንኑ ጂን በዝንብ እጭ ላይ ባልተለመደ ቦታ እንዲሠራ ቢያደርጉት፣ ዝንቡ በእግሩና በክንፉ ላይ ዓይን አበቀለ። ይባስ ብሎ የአይጥን ጂን ወስደው ዝንብ ውስጥ ቢያስገቡትም ዓይን በቀለ። የበቀለው የአይጥ ዓይን ሳይሆን የዝንብ ዓይን ነበር። ጂኑ «ዓይን ሥሩ» ብሎ ያዛል፤ አሠራሩን ሠራተኞቹ ያውቁበታል።

አኒሪዲያ ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ጉድለቱ ካለበት ወላጅ የወረሱት ሲሆን፣ አንድ ሦስተኛው ግን አዲስ ለውጥ ነው። አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ስለሚበቃ፣ አኒሪዲያ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። በክፍል ውስጥ በሳንቲም ማሳየት ይቻላል። የአንበሳው ራስ ከላይ ከሆነ ልጁ ወረሰ፣ ቁጥሩ ከሆነ አልወረሰም እንበል። አራት ጊዜ ወርውሩ። አንዳንዱ ተማሪ አራቱንም አንበሳ ያገኛል፤ አንዳንዱ አንድም አያገኝም። ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። «የመጀመሪያው ስለ ወረሰ ሁለተኛው ይተርፋል» የሚባል ሒሳብ የለም።

ሐ. ከሁለቱም ወላጆች የሚገናኝ

አንዳንድ ጂኖች ደግሞ አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ዓይኑ ደህና ነው፤ ተሸካሚ መሆኑንም አያውቅም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ ልደት ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች ይይዛል። ከአራት ሁለት ዕድል እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ ይሆናል፤ ከአራት አንድ ዕድል ሁለቱንም ደህናዎቹን ያገኛል።

እዚህ ላይ የቴክሳሷ አሳማ ተመልሳ ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ስትራ ስድስት፣ በ2013 ደግሞ ኤ.ኤል.ዲ.ኤች. 1 ኤ 3 የሚባሉት ጂኖች ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ልጅ ያለ ዓይን ወይም በጣም ትንሽ ዓይን ይዞ ሊወለድ እንደሚችል ታወቀ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? የመጀመሪያው ቫይታሚን ኤን ወደ ሕዋስ የሚያስገባ በር ይሠራል። ሁለተኛው ደግሞ ቫይታሚኑን ጽንሱ ወደሚጠቀምበት ሬቲኖይክ አሲድ የሚለውጥ ፕሮቲን ይሠራል። ስለዚህ እናቲቱ የቱንም ያህል በደንብ ብትመገብ፣ ጎተራው ሞልቶ በሩ ከተቆለፈ ወይም ወፍጮው ከተሰበረ ዱቄት የለም። አሳማዋ እህሉን አጣች፤ እነዚህ ልጆች ወፍጮውን አጡ። ሁለቱም ዘንድ እንጀራ አልተጋገረም። ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት የሆነ ጉድለት ምክንያቱ ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም። በዓይን ብቻ አይቶ «ይህ በዘር ነው፣ ያ አይደለም» ማለት ለሐኪምም ያስቸግራል፤ ለእኛማ እንዴት አይከብድ!

ሰባት ቤት መቁጠርና ሳይንሱ

አያቶቻችን ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይቆጠራል። ልማዱ ከሦስተኛው መንገድ ጋር ተያያዥነት አለው። የአጎትና የአክስት ልጆች ከጂኖቻቸው አንድ ስምንተኛ ያህሉን ከጋራ አያቶቻቸው በጋራ ይዘዋል። በመሆኑም ሁለቱም ያንኑ የተደበቀ ለውጥ ተሸክመው የመገናኘታቸው ዕድል ባዕድ ከሆኑ ሰዎች ከፍ ይላል።

ከልደት ጀምሮ የሚታይ ግላኮማ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ዋነኛው ጂን እ.ኤ.አ. በ1997 የተለየ ሲሆን ከሁለቱም ወላጆች የሚገናኝ ነው። በምዕራብ አገሮች ከ10,000 ልደት በአንዱ ገደማ ይታያል፤ የቅርብ ዘመድ ጋብቻ በሚዘወተርበት በሳዑዲ ዓረቢያ ከ2,500 በአንዱ፤ ለብዙ ዘመን እርስ በርስ ሲጋቡ በኖሩት በስሎቫኪያ የሮማ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ከ1,250 በአንዱ ተመዝግቧል።

ታዲያ ሰባት ቤት የቆጠረ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። ባዕድ ሆነው ሁለቱም ተሸካሚ የሚሆኑ አሉ፤ አዲስ ለውጥ ደግሞ ዝምድና አይጠይቅም። እንደዚሁም ልጁ ጉድለት ስላለበት ብቻ «ዘመዳሞች ኖረዋል ማለት ነው» ብሎ መጠርጠር ስሕተት ነው። በዚህ በሦስተኛው መንገድ ላይ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ጉድለቱ የሚመጣው የእናትም የአባትም ድርሻ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለሆነም «ያንቺ ዘር፣ የሱ ዘር» የሚለው ክርክር በሳይንሱ ውስጥ ቦታ የለውም።

መምህሩ ምን ማድረግ ይችላል?

መምህር ሐኪም አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ ልጆችን ያያል፤ ታናናሾቻቸውንም በበዓል ቀንና በወላጆች ስብሰባ ላይ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ፣ ከመቶ 11.5 ያህሉ ደግሞ ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳ መሆኑን አሳይቷል። አብዛኛው መከላከያ ወይም ሕክምና ያለው ነው። ስለዚህ «እንዲህ ሆኖ ተፈጠረ» ብሎ መተው የሚገባን ጉዳይ ጥቂት ነው። የሚከተሉትን ምልክቶች ስናይ ወላጆች ሳይውሉ ሳያድሩ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ዓይን ሐኪም እንዲወስዱ እንምከር።

1. ብሌኑ ነጭ ሆኖ የሚታይ ሕፃን። አብሮ የተወለደ ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የሚባል ሕይወት የሚቀጥፍ የሕፃናት የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። «ሲያድግ ይገፈፍለታል» ማለት አደገኛ ነው። ጽኑ ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ቢደረግለት ይመረጣል፤ ምክንያቱም ማየትን የሚማረው አንጎል ነው፤ የመማሪያ ዘመኑ ካለፈበት ዓይኑ ቢጠራም አንጎሉ አያነብም።

2. ዓይኖቹ ከመጠን በላይ የተለቁ ሕፃን። እኛ አገር ትልቅ ዓይን ይወደሳል፤ ሕፃኑን ያየ ሁሉ «ዓይኑን አያችሁት!» እያለ ያደንቃል። ነገር ግን ዓይኑ እያደር ከተለቀ፣ እንባ ካበዛ፣ ብርሃን ከሸሸ፣ ጥቁሩ ላይ ደመና የመሰለ ነገር ከታየ በውስጡ ግፊት የጨመረ ግላኮማ ሊሆን ይችላል። ሲደነቅ ሲደነቅ ዓይኑ ይጠፋል።

3. አይሪስ የሌለው ሕፃን። ከዘመዶቹ ማንም ሳይኖርበት እሱ ላይ ብቻ ከታየ በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ፓክስ ስድስትን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን ጂንም ጨምሮ የተቆረጠ ክፍል ሊኖር ይችላል። ያ ጎረቤት ጂን ሲጎድል ሕፃኑ ለኩላሊት ካንሰር ይጋለጣል። ስለዚህ ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ኩላሊቱም በየጊዜው በሐኪም መታየት አለበት። ክፍል ውስጥ ደግሞ ከመስኮት ራቅ፣ ለሰሌዳ ቀረብ ብሎ ይቀመጥ፤ ባለ ጥላ ቆብ እንዲያደርግም ይፈቀድለት።

4. ዓይን የሌለው ወይም በጣም ትንሽ ዓይን ያለው ሕፃን። ማየት ባይችልም እንኳ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። የፊት አጥንት የሚያድገው ከዓይን ጋር ስለሆነ፣ በጊዜው በዓይን ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጥ ማስፊያ ካልተደረገለት ፊቱ እኩል አያድግም። ሌላም የአካል ችግር ካለ አብሮ ይታያል። ከሁሉ በላይ ግን ቤት ውስጥ መደበቅ የለበትም። የሚሰማ ጆሮ፣ የሚዳስስ እጅ አለው፤ ብሬል ደግሞ በአማርኛም ይጻፋል።

መልሱን ስናርም

ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ ጓደኛችን የክፍሉን ኃላፊ መምህር አስከትሎ ወደ እናትየው ቤት ሄደ። «እኔ የተናገርኩት ትክክል አልነበረም። ምክንያቱ ሳይመረመር አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ከእናትም ከአባትም ያልመጣ ነገር ነው፤ ከወላጅ ቢመጣም ማንም መርጦ የሚያስተላልፈው አይደለም። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም» አላቸው። አማትየውም እዚያው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። እናትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ይህንኑ እዚያው ክፍል ውስጥ ይናገሩልኝ፤ ወሬው የወጣው ከዚያ ነው» አሉ።

በማግሥቱ ጓደኛችን ክፍል ገብቶ «ባለፈው ሳምንት ተሳስቼ ነበር» በማለት ትምህርቱን ጀመረ። ሲነግረን ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር አልደበቀም። ተማሪዎቹ ግን አልሳቁም። ያቺ ልጅ ሦስቱን ነገሮች በደብተሯ ላይ ስትጽፍ አያት። ሕፃኑም ለምርመራ ወደ ዓይን ሐኪም ተልኳል፤ ውጤቱ ገና አልታወቀም። ምንም ይሁን ምን፣ ያ ቤት አሁን የሚጠብቀው የሐኪምን ቃል እንጂ የወገን ፍርድ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «አብሮ የተወለደ»፣ «ከጂን ለውጥ የመጣ» እና «የተወረሰ» የሚሉትን በየራሳቸው ምሳሌ አስረዱ። የአሳማዋ ግልገሎች ከየትኛው ይመደባሉ?

2. ሁለት ተሸካሚ ወላጆች ደህና የሆኑ ሦስት ልጆች ወልደዋል። አራተኛው ልጅ ጉድለቱ እንዲኖርበት ያለው ዕድል ስንት ነው? ከአራት አንድ ነው ወይስ «አሁን ተራው ደርሷል» ማለት ይቻላል? ምክንያታችሁን በሳንቲም አሳዩ።

3. አንድ አባት አኒሪዲያ አለበት፤ እናትየው የለባትም። የዘር ሐረጉን በሰሌዳ ላይ ሣሉና ለእያንዳንዱ ልጅ ያለውን ዕድል አስሉ።

4. አንዲት ተማሪ በክፍል ፊት «ወንድሜ ለምን ዓይን የለውም?» ብትላችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምን ትመልሳላችሁ? መልሳችሁን ጽፋችሁ ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ጓደኛችሁም በልጅቱ እናት ጆሮ ሆኖ ይስማው።